ለቤት መጠበቂያ ተብሎ ስለሚገዛ ሽጉጥ፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሜሪላንድ ውስጥ የምንኖር ባልና ሚስት ነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ጋዝ ስቴሽን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ባለፈው ወር ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ወጣቶች መሣሪያ ደቅነውበት የዕለቱን ገንዘብ ወስደው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ካልገዛሁ ብሎ ተነሥቷል፤ ሌሊት ይዞት ሊያድር፣ ቀን ደግሞ ቤት ሊያስቀምጠው ነው። ወንድሙ ያበረታታዋል፤ እሱ ራሱ ሁለት አለው። ‹ሰውን የሚገድለው ሰው እንጂ ብረት አይደለም፤ እኛ ያደግነው ጠመንጃ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው፤ የዚህ አገር ችግር የአእምሮ በሽታና የአስተዳደግ ብልሹነት ነው› ይላል። የእኔ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። የ16 ዓመቱ ልጃችን ከጥቂት ወራት ወዲህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ከእኛ ጋር አይበላም፤ ጓደኞቹንም ትቷል። ያለን ግሪን ካርድ ነው። የመሣሪያ ቁጥጥር የሚባለው ነገር በእውነት ይሠራል ወይስ የጥቃት ሥሩ ሌላ ነው? እኛስ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ እጀምራለሁ። ሽጉጡ አይገዛ፤ ቢያንስ ልጃችሁ አሁን ባለበት ሁኔታ ላይ እያለ ወደ ቤታችሁ አይግባ። ይህን የምለው መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ክፉ ነው ብዬ አይደለም፤ በሕግ አግባብ ገዝተው በጥንቃቄ ይዘው የሚኖሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። የምለው እርስዎ «የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው» ያሉት ፍርሃት፣ ባለቤትዎን ካስደነገጠው ዝርፊያ ይልቅ ቁጥሮቹ ወደሚያሳዩት አደጋ የቀረበ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በ2023 በጥይት የሞቱት ሰዎች 46,728 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ በሌላ ሰው የተገደሉት 17,927 ሲሆኑ፣ የራሳቸውን ሕይወት ያጠፉት 27,300 ናቸው። ከ10 ሟቾች ወደ 6 የሚጠጉት በገዛ እጃቸው ሞተዋል ማለት ነው። የቴሌቪዥን ዜና ግን የሚያሳየን የትምህርት ቤት ጭፍጨፋንና የመንገድ ላይ ተኩስን ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ስለ መሣሪያ ሲያስብ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት በር ሰብሮ የሚገባ እንግዳ ነው። በካሊፎርኒያ በ26 ሚሊዮን ነዋሪዎች ላይ የተደረገና በ2020 የታተመ ጥናት ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ሽጉጥ ከሌላቸው ወንዶች ይልቅ በጥይት ራሳቸውን የማጥፋታቸው ዕድል በ8 እጥፍ፣ በሴቶች ደግሞ በ35 እጥፍ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ያው የተመራማሪዎች ቡድን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ራሳቸው መሣሪያ ሳይኖራቸው ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር የሚኖሩትን ተመልክቶ፣ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛቸው በጥይት የመገደል ዕድላቸው መሣሪያ በሌለበት ቤት ከሚኖሩት በ7 እጥፍ እንደሚበልጥ አገኘ። ከዚህ ዓይነቱ ሟቾች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥናት ከመጀመሪያውም ሥጋት ያለባቸው ሰዎች መሣሪያ ይገዙ ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይችልም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ፣ ውጤቱም በተለያየ ቦታና ዘመን የተደጋገመ ስለሆነ፣ «እኔ ጠንቃቃ ነኝ» በሚል ቃል ብቻ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም።

«መሞት የቆረጠ ሰው መሣሪያ ቢያጣ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል» የሚለው አባባል በእኛም ማኅበረሰብ ዘንድ እንደ እውነት ተቆጥሮ የሚነገር ነው። ይህ ስሕተት ነው። ከሞት አፋፍ በተረፉ ወጣቶች ላይ በሂዩስተን የተደረገ ጥናት፣ ከ4 ሰዎች አንዱ ገደማ ከውሳኔው እስከ ድርጊቱ ያለፈው ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች እንደነበር ተናግሯል። ማዕበሉ አጭር ነው። በዚያ አጭር ጊዜ እጅ ላይ ያለው ነገር ሽጉጥ ከሆነ ከ10 ሰዎች 9ኙ ይሞታሉ፤ ብዙ ሰዎች በሚሞክሯቸው ሌሎች መንገዶች ግን አብዛኛው ይተርፋል፤ ከተረፉትም ውስጥ ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም። ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጥርት ያለው ከእስራኤል የተገኘው ነው፤ የእኛም ልጆች በብዛት የሚያገለግሉበት ሠራዊት ስለሆነ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ነው። በ2006 ሠራዊቱ ወጣት ወታደሮች ለሰንበት ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መሣሪያቸውን በጦር ሰፈር ትተው እንዲሄዱ አዘዘ። በወታደሮቹ መካከል የነበረው ራስን የማጥፋት ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በዋናነት በሰንበት ቀናት ይከሰት የነበረው ነው። በሥራ ቀናት ያለው ግን ብዙም አልተለወጠም። ወጣቶቹ ያው ወጣቶች፣ ጭንቀታቸውም ያው ጭንቀት ነበር፤ የተለወጠው ጠመንጃው የሚያድርበት ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አጎትየው ክርክር እንምጣ። «ሰውን የሚገድለው ሰው ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው፤ ስሕተቱ ያለው ግማሹ ሙሉ እንደሆነ በመወሰዱ ላይ ነው። አሜሪካ ከሌሎች ሀብታም አገሮች የምትለየው ሕዝቧ ይበልጥ ጠበኛ ወይም ሌባ ስለሆነ አይደለም። በስርቆት፣ ቤት ሰብሮ በመግባትና በድብደባ ከብዙዎቹ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ያን ያህል የራቀች አይደለችም፤ የምትርቀው ጠቡ በሞት የመደምደሙ ነገር ሲታይ ነው። ለንደን ውስጥ በቡጢ ወይም በጩቤ የሚያበቃው ጠብ ባልቲሞር ላይ በሽጉጥ ያበቃል። በ2017 በተደረገ ግምት በአሜሪካ በሲቪሎች እጅ የሚገኘው መሣሪያ 393 ሚሊዮን ሲሆን፣ ይህም ለ100 ሰው 120 ያህል ይደርሳል። ስለዚህ የጥቃት ሥር የሚባሉት ነገሮች ሰዎች ስንት ጊዜ እንደሚጣሉ ይወስናሉ፤ መሣሪያው ደግሞ ከተጣሉት ስንቱ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ ይወስናል። ሁለቱን እንደ ተቃራኒ አድርጎ «ወይ ይህ ወይ ያ» ማለት ክርክሩን የሚያሞቅ እንጂ መልስ የሚሰጥ አይደለም።

ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ጠመንጃም ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ እኔም ያንን ግድግዳ አውቀዋለሁና። የአያቶቻችን ምንሽር አንድ ጥይት ተኩሶ መቀርቀሪያ የሚሳብለት፣ ጥይቱም ውድ ስለነበረ በቁጥር የሚያዝ ነበር። ማን ምን ዓይነት መሣሪያ እንዳለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የተጣላውን ሽማግሌ መካከል ገብቶ ያስማማዋል፤ የገደለም ከነዘመዱ የደም ካሳ ይጠየቃል ወይም አገር ለቆ ይሰደዳል። ይህ ሁሉ ልጓም እያለም ቂምና ደም መመለስ በጎጃምና በጎንደር ስንቱን ቤት እንደዘጋ ከዚያ የመጣ ሰው አይክደውም፤ ፉከራውና ቀረርቶው ያቆዩልን ገዳዩን እንጂ ያለ አባት የቀሩትን ልጆች አይደለም። ምንሽሩ በክላሽ ሲተካና ሽማግሌው ሲደክም ደግሞ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ኢትዮጵያ ራሷ በ2020 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥታ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የከለከለችው «ብረት አይገድልም» የሚለው አነጋገር ስላላዛለቃት ነው። በአንድ አፓርታማ አልጋ ሥር የሚቀመጥ፣ ጎረቤት የማያውቀው፣ 15 ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከዚያ ምንሽር ጋር የሚያመሳስለው ስሙ ብቻ ነው።

የአእምሮ በሽታን በተመለከተ አባባሉ በሁለት በኩል ያሳስታል። ከባድ የአእምሮ ሕመም በአንድ ጀምበር ከአሜሪካ ቢጠፋ በሰው ላይ የሚፈጸመው ጥቃት የሚቀንሰው በ4 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ ይገመታል፤ ሕሙማኑ ጥቃት ከሚያደርሱት ይልቅ የሚደርስባቸው ይበዛል። ራስን በማጥፋት በኩል ግን የመንፈስ ጭንቀት ድርሻው ከባድ ነው። ስለዚህ ሰው «ችግሩ የአእምሮ ጤና ነው» ሲል የሚከተለው መደምደሚያ የተጨነቀ ሰው ካለበት ቤት መሣሪያ ይውጣ የሚል መሆን ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ ቁጥጥር አያስፈልግም ወደሚል ይወስደዋል። ይህ አካሄድ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ታዲያ የግድያ ሥሩ ምንድን ነው? በከተሞች ውስጥ ግድያ እንደ ዝናብ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። በጥቂት ሰፈሮች፣ ከእነዚያም በጥቂት መንገዶች፣ ከመንገዶቹም ነዋሪ በጥቂት ወጣቶች መካከል ይከማቻል። እነዚህ ሰፈሮች አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሮች ለአሥርተ ዓመታት በሕግና በባንክ አሠራር ተገድበው የኖሩባቸው፣ ሥራ የራቃቸው፣ ፖሊስ ለቁጥጥር እንጂ ገዳይን ለመያዝ የማይደርስባቸው ናቸው። ገዳይ የማይያዝበት ሰፈር ውስጥ ሟች ወንድም ያለው ልጅ ፍርዱን በራሱ እጅ ይወስዳል፤ ይህም ከደም መመለስ ሌላ ስም የለውም። ለዚህ መድኃኒት አለ። ቦስተን በ1996 ፖሊስን፣ ቀሳውስትንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችን አሰባስባ በጠቡ መካከል ያሉትን ጥቂት ወጣቶች ፊት ለፊት ጠርታ፣ «ተኩሱ ከቀጠለ ሕጉ በቡድኑ ሁሉ ላይ ይከብዳል፤ መውጣት ለሚፈልግ ግን እርዳታ አለ» ካለች በኋላ የወጣቶች ግድያ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በፊላዴልፊያ ደግሞ ቆሻሻ የተከመረባቸው ባዶ ቦታዎች በዕጣ ተመርጠው ሲጸዱና ሣር ሲተከልባቸው፣ በድሃ ሰፈሮች የጥይት ጥቃት በ29 በመቶ ወርዷል። የሽምግልናን ሥራ ለምናውቅ ሰዎች የመጀመሪያው እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

ሥሩ ብቻውን ይበቃል ለሚሉ አንድ ነገር፣ መሣሪያው ብቻውን ሁሉን ያስረዳል ለሚሉም አንድ ነገር ልጨምር። ከ2019 ወደ 2020 በአሜሪካ ግድያ በ30 በመቶ ገደማ ዘለለ፤ በ2023ና በ2024 ደግሞ በፍጥነት ወረደ። የመሣሪያው ብዛት በዚያው ልክ አልጨመረም፣ በዚያው ልክም አልቀነሰም። በሌላ በኩል ስዊዘርላንድ ብዙ መሣሪያ እያላት ግድያዋ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ዘወትር ይጠቀሳል፤ ለ100 ሰው 28 ያህል የሚደርስ መሣሪያ እንዳላትና ይህም ከአሜሪካ ከሩብ በታች መሆኑን፣ አብዛኛውን መሣሪያ ለመግዛት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ከ2007 ጀምሮም ሠራዊቱ ለተራው ሚሊሻ የሚሰጠውን ጥይት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ማስቀረቱን ግን ጠቃሾቹ አይጨምሩም።

«ቁጥጥር ይሠራል ወይ» ለሚለው መልሱ የትኛው ቁጥጥር እንደሆነ ይለያያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1791 የጸደቀውን ሁለተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ2008 የግለሰብ መብት ነው ብሎ ስለተረጎመው፣ መሣሪያን ከሕዝቡ እጅ ጠቅልሎ መሰብሰብ በዚህ አገር የሚታሰብ አይደለም። አውስትራሊያ በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ወደ 650,000 የሚጠጋ መሣሪያ ገዝታ አጥፍታለች፤ የጥይት ሞትም ቀንሷል፤ ምን ያህሉ በሕጉ ምክንያት እንደሆነ ግን ቁጥሩ ከዚያ በፊትም እየወረደ ስለነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የጦር ሜዳ ቅርጽ ያላቸውን ጠመንጃዎች መከልከል በጭፍጨፋዎች ላይ የሚሞተውን ሰው ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው ግድያ የሚፈጸመው በሽጉጥ ስለሆነ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። የፌዴራሉ የገዢ ማጣሪያም ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሲገዛ እንጂ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ አይጠየቅም። ጥሩ ማስረጃ ያላቸው ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ገዢው አስቀድሞ አሻራ ሰጥቶ፣ ሠልጥኖ ፈቃድ እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ ኮነቲከት በ1995 ይህን ሕግ ካወጣች በኋላ በጥይት የሚፈጸም ግድያ ከ28 እስከ 40 በመቶ እንደቀነሰ ሲገመት፣ ተመሳሳይ ሕጓን በ2007 የሻረችው ሚዙሪ ግን ግድያው ጨምሮባታል። ሜሪላንድም ከ2013 ወዲህ ለሽጉጥ ይህንኑ ትጠይቃለች። ሁለተኛው መሣሪያ ልጆች እንዳይደርሱበት ቆልፎ ማስቀመጥን የሚያስገድድ ሕግ ነው፤ የወጣቶችን ራስ ማጥፋትና ድንገተኛ ሞት ይቀንሳል። ከእነዚህም ውስጥ አንዱንም ቢሆን የተሰረቀ ሽጉጥ መንገድ ላይ ለሚገዛ ልጅ ሙሉ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

ባለቤትዎ የደረሰበት ነገር እውነተኛ ነው፤ ፍርሃቱንም ማቃለል አይገባም። ሆኖም መሣሪያ በደቀነ ሰው ፊት ሽጉጥ መምዘዝ ማለት በዚያች ሰከንድ ከእሱ ፈጥኖ መገኘት ማለት ነው፤ እነዚያ ሁለት ወጣቶች ገንዘቡን ይዘው የሄዱት እሱ ስላልተቃወማቸው ሊሆን ይችላል። አሜሪካውያን በዓመት ስንት ጊዜ በመሣሪያ ራሳቸውን ይከላከላሉ ለሚለው አንድ የ1995 ጥናት 2.5 ሚሊዮን ሲል፣ የመንግሥቱ የወንጀል ተጎጂዎች መጠይቅ የሚያሳየው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ በዚያ መጠይቅ መሠረት ከተጠቂዎች መካከል መሣሪያ የተጠቀሙት ከ100 አንድ አይሞሉም። በሰሜን ካሮላይና በሥራ ቦታዎች ላይ ተደርጎ በ2005 የታተመ ጥናት ሠራተኛው መሣሪያ እንዲይዝ የተፈቀደባቸው ቦታዎች ግድያ የሚፈጸምባቸው ዕድል ከተከለከሉት በ5 እጥፍ ገደማ የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል። ለሌሊት ሱቅ የሚያዋጣው ሌላ ነው፦ ገንዘቡ በየሰዓቱ ሠራተኛው ራሱ ሊከፍተው ወደማይችለው ካዝና ይግባ፣ ይህም በር ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ መስኮቱን የሸፈነው ማስታወቂያ ተነሥቶ ከውጭ የሚያልፈው ሰው መደርደሪያውንና ሒሳብ መቀበያውን ያይ፤ ግቢው በመብራት ይሞላ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመስኮት ብቻ ይስተናገድ ወይም ሁለት ሰው ይመደብ። ይህን አሠሪው እንዲያደርግ ይጠየቅ፤ እምቢ ካለ ፈረቃ መቀየር ሽጉጥ ከመግዛት ይሻላል።

በሕግ በኩል ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መግዛት ይችላል፤ በጉብኝት፣ በተማሪና በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖርም እንዲሁ፣ በፌዴራል ሕግ አይችልም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ገና በቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ጠበቃ ሳያማክር የሌላ ሰው መሣሪያ እንኳ በእጁ አይንካ። በእኛ ሰዎች መካከል «አንተ ዜጋ ነህና በስምህ ግዛልኝ» የሚባለው ነገር እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። በሜሪላንድ የመግዣ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አይደለም፤ ለዚህ ሌላ ማመልከቻ አለ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መሣሪያ መተውም ወንጀል ነው። ሚሺጋን ውስጥ የ15 ዓመት ልጃቸው አራት ተማሪዎችን የገደለባቸው ወላጆች በ2024 ሳያስቡ ሰው በመግደል ወንጀል ተፈርዶባቸው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ዓመት እንዲታሰሩ መወሰኑንም ባለቤትዎ ይወቀው።

ልጅዎን በተመለከተ በግልጽ ይጠይቁት። «ስለ መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ተተክሎ ከቆየም ብቻውን እንዳይሸከመው ይረዳዋል። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ይውሰዱት፤ አስቸኳይ ከሆነ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደሚሠራው የስልክ መስመር 988 ደውለው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ጸበልም ሆነ ጸሎት ከሐኪም ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ በሐኪም ምትክ አይሆንም። ምናልባት ይህ ሁሉ ተነግሮት ባለቤትዎ ገዝቶ ቢመጣ፣ ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ፣ ልጁ በማያውቀው ቁጥር በሚከፈት የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ መሳቢያና ቁም ሣጥን መደበቂያ አይደሉም፣ ልጆች ያውቋቸዋል። ነገሩ ከከፋና መሣሪያ ያለው የቤተሰብ አባል ራሱን ወይም ሌላውን የሚያሰጋ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ የትዳር ጓደኛም ሆነ ዘመድ ፍርድ ቤት አመልክቶ መሣሪያው ለጊዜው እንዲወሰድ የሚያስችል ሕግ አላት።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ የሚደረግ አለ። አጎትየው ሁለት መሣሪያ እንዳለው ጽፈውልኛል፤ የ16 ዓመቱ ልጅ ወደ አጎቱ ቤት የሚሄድ፣ ሄዶም የሚያድር ከሆነ፣ የእናንተ ቤት ባዶ መሆኑ አይጠብቀውም። ይደውሉለትና ሁለቱም የት እንደሚቀመጡ፣ በምን እንደሚቆለፉና ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ ይጠይቁት።